ኤመሪተስ፣ የክብር ፕሮፌሰር፣ የክብር ዶክተር፦ ማዕረጉን ከደብዳቤው ማንበብ

በቴሌቪዥን የቀረበ እንግዳ ስሙ ሥር «ፕሮፌሰር» ተብሎ ሲጻፍ ነገሩ ብዙ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ፕሮፌሰር ይሆናል። ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኖ «ተባባሪ» የምትለዋ ቃል ስክሪኑ ላይ ቦታ አጥታ ይሆናል። ጡረታ የወጣ ኤመሪተስም ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙን ከሌላ መሥሪያ ቤት እያገኘ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር የክብር ፕሮፌሰርም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሰው በሰው አፍ እየተንከባለለ «ፕሮፌሰር» ሆኖ ቁጭ ይላል።

እነዚህን የሚለያቸው መድረክና ጋዋን አይደለም። የሚለያቸው የትምህርት ክፍሉ ቃለ ጉባኤ፣ የሴኔቱ (የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉባኤ) ወይም የቦርዱ ውሳኔና ለባለማዕረጉ የተጻፈው ደብዳቤ ነው። እነዚህ ሦስት ወረቀቶች በደንብ ከተጻፉ ጭቅጭቅ አይኖርም። ብዙ ጊዜ ግን ሦስተኛው፣ ማለትም ደብዳቤው፣ በሁለት መስመር «እንኳን ደስ አለዎት» ተብሎ ይዘጋና ከዓመት በኋላ ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ይሆናል።

ከኤመሪተስ እንጀምር። መደበኛ አገልግሎቱን የጨረሰ ምሁር የሚይዘው ማዕረግ ነው። ዕድገት አይደለም፤ ደመወዝም የለውም። በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጡረታ የወጣ ሰው ማዕረጉ ሲሰጠው «ተባባሪ ፕሮፌሰር ኤመሪተስ» ነው የሚባለው፤ ጡረታ ሙሉ ፕሮፌሰር አያደርግም። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሙሉ ፕሮፌሰር በታች ላለ ሰው ጭራሽ አይሰጥም። በአገራችን ሙሉ ፕሮፌሰርነት በየእርከኑ ተገምግሞ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የሚያጸድቀው ማዕረግ ስለሆነ፣ ይህን በር በጡረታ በኩል ዞሮ መግባት ሲፈቀድ በትክክል ተገምግመው ያለፉት ይጎዳሉ።

አሰጣጡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ፕሮፌሰርም ተባባሪ ፕሮፌሰርም ጡረታ ሲወጣ ማዕረጉ በደንቡ መሠረት በራሱ ይመጣል፤ ድምፅ የሚሰጥበት የለም። በሌሎች ዘንድ ግን ከትምህርት ክፍል እስከ ባለአደራ ቦርድ ያለውን መንገድ ሁሉ ያልፋል፤ የመጨረሻው ፊርማም ለወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራ ቦርድ የጡረተኛውን የትምህርት ፕሮፌሰር የዊልያም ኤየርስን የኤመሪተስነት ጥያቄ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጓል። ከማስተማራቸው ጋር የተያያዘ ጉድለት አልተጠቀሰባቸውም፤ የተነሣባቸው ከብዙ ዓመት በፊት በጋራ ያሳተሙት ጽሑፍ ለሮበርት ኬኔዲ ገዳይ ጭምር መታሰቢያ መደረጉ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ የሟቹ ልጅ ነበሩ። ውሳኔው ልክ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለአሠራር ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ የመጨረሻው አካል በምን መስፈርት እንደሚወስን ደንቡ ላይ ካልሰፈረ፣ ከታች በጥንቃቄ የተሠራው ፋይል ሁሉ ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

ሥራው መጀመር ያለበት ከጡረታው ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ነው። ጥቆማውን የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ዕጩው ራሱን አይጠቁምም። ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት የጥቆማ ደብዳቤ፣ የድምፁ ቁጥር በግልጽ የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ (ስንት ደገፉ፣ ስንት ተቃወሙ፣ ስንት ድምፅ አቀቡ)፣ የታደሰ ሲቪ፣ የኅትመት ዝርዝር፣ ከሰው ኃይል የአገልግሎት ዘመኑንና የጡረታውን ቀን የሚያረጋግጥ ማስረጃ፣ እንዲሁም ከተቋሙ ውጭ ካሉ ሁለት ወይም ሦስት ምሁራን የተጻፈ አስተያየት ናቸው። የአገልግሎት ዘመኑ ዝቅተኛ ልክ በየደንቡ ይለያያል፤ አሥር ዓመት የተለመደ ነው።

ፋይሉ ውስጥ መግባት ሲገባው የሚናቀው ዕጩው ያማከራቸው ተመራቂዎች ዝርዝር ነው። ኅትመቱን ማንም ሰው ጉግል ስኮላር ላይ ያገኘዋል። አንድ መምህር በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ አማክሮ እንዳስመረቀ፣ በምን ርዕስና በየትኛው ዓመት፣ ተማሪዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ ግን በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም። ሬጅስትራር የሚይዘው በተማሪው ስም እንጂ በአማካሪው ስም አይደለም። ዝርዝሩን መምህሩ ሥራ ላይ እያለ ካልሰበሰቡት በኋላ ላይ ማንም አይሰበስበውም። ለእኔ ይህ ዝርዝር ከሃያ የጆርናል ጽሑፍ ይበልጣል፤ በተለይ ትምህርት ክፍሉን ራሱን በተማሪዎቹ ያቆመ ሰው ሲሆን።

የውጭ አስተያየት ሰጪዎች ላይ የሚሠራው ስሕተት ግልጽ ነው፤ ዕጩው አብሯቸው የጻፈ ወዳጆቹን ይመርጣል። መፍትሔው ላለፉት አምስት ዓመታት ከዕጩው ጋር በጋራ ያላሳተመ ሰው መፈለግና ምርጫውን ለዕጩው ሳይሆን ለዲኑ መተው ነው። ትንንሽ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። አምስት ሰው ብቻ ድምፅ በሚሰጥበት ክፍል ሁለት የቆየ ቂም ያላቸው ሰዎች ሦስተኛ ሰው ካገኙ ማዕረጉን ያስቀራሉ። ስለዚህ ድምፁ ምስጢራዊ ይሁን፣ ተቃውሞ ከበዛ ግን ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። «አይገባውም» የሚል ቃል ብቻውን ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ማዕረጉ ሴኔት ላይ በጭብጨባ ጸድቆ ሳለ ትልቁ ብልሽት የሚደርሰው ከታች ካሉት ቢሮዎች ነው። ጡረታው በደረሰበት ወር ሰው ኃይል ስሙን ከደመወዝ መክፈያው ያወጣል፤ ክሊራንስ ይሞላል፤ መታወቂያው ይመለሳል፤ አይሲቲ ኢሜይሉን ይዘጋል። በዚያ ኢሜይል የተመዘገቡ የጆርናል አካውንቶች አብረው ይጠፋሉ። ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለች የዶክትሬት ተማሪ አማካሪዋን ለመተካት ፎርም ሙይ ትባላለች። ሴኔቱ ግን ሰውየው ማማከሩን እንዲቀጥል ነበር የወሰነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የሴኔቱ ውሳኔ እነዚያ ቢሮዎች አልደረሰም፣ ያ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ከደብዳቤው ግርጌ ያለው «ግልባጭ» ነው። ግልባጩ ለሰው ኃይል፣ ለአይሲቲ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለድኅረ ምረቃ ቢሮ፣ ለፋይናንስና ለመዝገብ ቤት መሄድ አለበት። የማዕረጉ መጀመሪያ ቀን ደግሞ ከጡረታው ማግስት ይሁን፤ በመካከል የአንድ ሳምንት ክፍተት ካለ ሲስተሙ ሰውየውን «የለቀቀ» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ከዚያ መመለስ እንደ አዲስ ቅጥር ነው። ፋይናንስ የተጠቀሰው የምርምር ገንዘብ በስሙ ከነበረ ፈራሚው መቀየር ስላለበት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲ ኤመሪተስ ብቻውን የፕሮጀክት ዋና ተመራማሪ ሆኖ በጀት አያንቀሳቅስም፤ በሥራ ላይ ያለ አጋር ያስፈልገዋል።

ደብዳቤው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለይቶ ይጻፍ። ማዕረጉ ዕድሜ ልክ ነው፤ ቢሮው ግን አይደለም። ቢሮ፣ የላቦራቶሪ ቦታና የመኪና ማቆሚያ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ የሚታደሱ ናቸው ብሎ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ካልተጻፈ አንድ ቀን ወጣት መምህር ጠረጴዛ ሲያጣ ጠቡ ይነሣል። ኤመሪተስ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ተጋብዞ ይናገራል፤ ድምፅ አይሰጥም። ተባባሪ አማካሪና የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኝ ሊሆን ይችላል። አዲስ ተማሪ በዋና አማካሪነት መቀበሉ ግን እንደየሴኔት ሌጅስሌሽኑ፣ ማለትም እንደየዩኒቨርሲቲው የውስጥ ደንብ ነው።

በአገራችን ሌላ መደናገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ስለሆነና ከፍተኛ ምሁር እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩን በኮንትራት ያስቀጥሉታል። ኮንትራት ቅጥር ነው፤ ክፍያና የማስተማር ጫና አለው፣ ሲያልቅ ያልቃል። ኤመሪተስ ቅጥር አይደለም። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል፤ ለዚያም ነው ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ መጻፍ ክልክል መሆን ያለበት። ኮንትራቱ ሲያልቅ ማዕረጉም አብሮ ያለቀ የሚመስለው ያኔ ነው።

የክብር ፕሮፌሰር ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ሰው ጡረታ አልወጣም፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም ሆኖ አያውቅም። ብሪታኒያ ውስጥ ዋና ምሳሌው በመንግሥት ሆስፒታል ተቀጥሮ የሕክምና ተማሪ የሚያስተምር ስፔሻሊስት ነው። ጀርመን ውስጥ ከኢንዱስትሪ ወይም ከፍርድ ቤት የመጣ ባለሙያ ሲሰጠው ማስተማሩን እንዲቀጥል ይጠበቅበታል፤ የተለመደው ልክ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። ማስተማሩን ያለ ምክንያት ካቆመ ማዕረጉን ሊያጣ ይችላል። «የክብር» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ያለ ደመወዝ ማለት እንጂ ያለ ሥራ ማለት አይደለችም።

ስለዚህ ይህ ማዕረግ የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፣ ይታደሳል። ጥሩ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ከመስከረም 1 ቀን 2018 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2020 ዓ.ም. ድረስ የክብር ፕሮፌሰር ሆነው ያገለግላሉ፤ በዓመት አንድ ኮርስ በጋራ ያስተምራሉ፣ ሁለት የዶክትሬት ተማሪዎችን በተባባሪነት ያማክራሉ፤ ካልታደሰ በስተቀር ማዕረጉ በተጠቀሰው ቀን ያበቃል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ናት የምትረሳው። ስትረሳ ሰውየው ከአሥር ዓመት በኋላም ያንኑ የስም ካርድ ያድላል፤ ዩኒቨርሲቲውም ከልክሎ አያውቅም።

በውጭ አገር ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን ይህ ክፍል ይመለከታችኋል፤ ክረምት ላይ መጥታችሁ ስታስተምሩ ወይም በዙም ስታማክሩ ከዚህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከመቀበላችሁ በፊት ለዋናው ቀጣሪያችሁ አሳውቁ። አሜሪካ ውስጥ ከብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ከኤንአይኤች፣ የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው በውጭ አገር ያለውን የአካዳሚክ ሹመት ሁሉ ማስታወቅ አለበት፤ የክብር ቢሆንም፣ ያለ ክፍያ ቢሆንም። «ገንዘብ ስላልከፈሉኝ አልጻፍኩትም» የሚለው መልስ አያድንም።

የተቋም ስም አጠቃቀምም ቀልድ አይደለም። የዓለም የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሰንጠረዦች የጥናት ጽሑፎችን የሚቆጥሩት ደራሲው በጻፈው አድራሻ ነው። ስለዚህ ስመ ጥር ተመራማሪን በማዕረግ አስሮ አድራሻውን መውሰድ የሚፈልጉ ተቋማት አሉ። የስፔኑ የኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ፣ የሙሉ ጊዜ ቅጥር እያለው በሳዑዲ ዓረቢያና በሩሲያ ተቋማት ስም ጭምር ያሳትም የነበረ ኬሚስቱን ለ13 ዓመት ያለ ደመወዝ ማገዱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘግቧል። ደብዳቤያችሁ ላይ «የተቋሙን ስም በሁለተኛ አድራሻነት፣ እዚህ ለተሠራ ሥራ ብቻ» የሚል ካለ ተጠበቃችሁ። ከሌለ እንዲጨመር ጠይቁ።

የክብር ዶክትሬት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዲግሪ ነው እንጂ የማስተማር ማዕረግ አይደለም፣ ለቅጥርም ለደረጃ ዕድገትም አይቆጠርም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከካምብሪጅ፣ ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2012 ከበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ያገኙት ይህን ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። አሰጣጡ ላይ የሚበላሸው በአብዛኛው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ስሙ ከድምፁ በፊት ይወጣል። ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 የብሪታኒያን ጠቅላይ ሚኒስትር የማርጋሬት ታቸርን ስም ይፋ አድርጎ ለመምህራኑ ጉባኤ ሲያቀርብ በ738 ለ319 ድምፅ ወደቀ። ዩኒቨርሲቲውም ጠቅላይ ሚኒስትሯም አብረው ተዋረዱ። መጀመሪያ በዝግ ይወሰን፣ ቀጥሎ ዕጩው ፈቃደኛ መሆኑ ይጠየቅ፣ ከዚያ ይፋ ይሁን።

የመንጠቂያ ደንብም ከመስጠቱ በፊት ይጻፍ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለዚምባብዌው መሪ ለሮበርት ሙጋቤ እ.ኤ.አ. በ1984 የሰጠውን የክብር ዲግሪ የነጠቀው በ2007 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ፣ የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆኑት ጄምስ ዋትሰን ስለ ዘርና የማሰብ ችሎታ በተናገሩት ምክንያት ኤመሪተስነታቸውን ጨምሮ የክብር ማዕረጎቻቸውን ሁሉ ሰርዟል። ደንቡ ማን ክስ እንደሚያቀርብ፣ ባለማዕረጉ በስንት ቀን እንደሚመልስና ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ ይናገር፤ ቢያንስ ለመስጠት ያስፈለገው ድምፅ ለመንጠቅም ያስፈልግ።

ስም አጻጻፉ ቀላል ነው። ጡረተኛው «ፕሮፌሰር ኤመሪተስ እገሌ» ይባላል፤ በንግግር «ፕሮፌሰር» ቢሉት ስሕተት የለውም፣ ማዕረጉ የራሱ ነበርና። የክብር ፕሮፌሰሩ ከተቋሙ ስም ጋር ይጻፍ፦ «በእገሌ ዩኒቨርሲቲ የክብር ፕሮፌሰር»። የክብር ዶክትሬት ያለው «የክብር ዶክተር» ነው፤ ጋዜጠኛ «የክብር»ን ከቆረጠ ባለማዕረጉ ራሱ ቢያርመው ያምርበታል። የአንድን ሰው ማዕረግ ማጣራት የፈለገ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጉግል ላይ አይድከም። ለዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ወይም ለአካዳሚክ ጉዳዮች ቢሮ የውሳኔውን ቀን፣ የቃለ ጉባኤውን ቁጥርና የማብቂያ ቀኑን የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ።