ዘጠኝ ወር ከደም ግፊት ጋር፦ ከአዩርቬዳ የያዝኩትና የተውኩት

የደም ግፊቴ 158 በ98 መሆኑን ያወቅኩት ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም፣ እንቅልፍም አልነሳኝም። በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ሲለካ የላይኛው ቁጥር ከ150 አልወርድ ስላለ ሐኪሜ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት በ5 ሚሊ ግራም አዘዙልኝ። ከጎኑ አዩርቬዳን፣ ጥንታዊውን የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ልሞክር እንደምፈልግ ስነግራቸው አልተቃወሙም። «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፤ የምትወስደውንም ሁሉ ንገረኝ» ብቻ አሉኝ። ሁለተኛውን ቃል ሳላከብር ቀርቼ የደረሰብኝን ከታች እጽፋለሁ።

ግፊቴን ቤት ውስጥ እየለካሁ መመዝገብ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ወር መዝገቤ ግን ከሞላ ጎደል ዋጋ የለውም፤ አለካኬ የተሳሳተ ነበርና። አልጋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ እግሬን አነባብራለሁ፣ የመለኪያውን ማሰሪያ በሹራብ ላይ እጠመጥማለሁ። አንድ ምሽት ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ለካሁና 152 አለኝ። ስልኩን ዘግቼ፣ ወንበር ተደግፌ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀምጬ ስለካ 139 ሆነ። ያው ክንድ፣ ያው መሣሪያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥርዓቴ አንድ ነው። ከመለካቴ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አልጠጣም፣ ስፖርት አልሠራም፤ ሽንቴን እሸናለሁ፤ ጀርባዬን ደግፌ ሁለቱንም እግሬን መሬት አስረግጣለሁ፤ ክንዴን ራቁቱን በልቤ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋለሁ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቼ አማካዩን እጽፋለሁ፤ ጠዋት መድኃኒቱን ከመዋጤ በፊት፣ ማታም ከመተኛቴ በፊት። ቤት ውስጥ ሲለካ ከፍተኛ የሚባለው ከ135 በ85 ጀምሮ እንደሆነ አትርሱ፤ 140 በ90 የሚባለው የሕክምና ቤት መለኪያ ነው።

በዚህ መንገድ ሲለካ መድኃኒቱ ብቻውን ወደ 142 አውርዶኝ ነበር። አዩርቬዳ የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ስሙ በሳንስክሪት የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። ጥንታዊ መጻሕፍቱ ስለ ደም ግፊት ቁጥር ሊነግሩን አይችሉም፤ በክንድ የሚታሰረውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው በ1896፣ በማዳመጫ የመለካቱን ዘዴ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ የገለጸው ደግሞ በ1905 ነው (ሁሉም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ «የሺህ ዓመታት የግፊት ፈውስ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ጠርሙስ አላምንም። መጻሕፍቱ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው፤ ዲናቻርያ የሚሉት የቀን ሥርዓት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፣ ዋናውን ምግብ ቀትር ላይ መብላት፣ እራትን ማቅለልና ማስቀደም፣ በጊዜ መተኛት። እኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጠግቤ የምተኛ ሰው ነበርኩ። እራቴን ወደ አንድ ሰዓት ሳመጣው መጀመሪያ የተለወጠው ግፊቴ ሳይሆን ጠዋቴ ነው፤ ቀለል ብሎኝ እነሳ ጀመር፤ ቀለል ሲለኝ የእግር ጉዞውም አልከበደኝም። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ እሄዳለሁ።

ትንፋሹን በጣም ወድጄዋለሁ። ናዲ ሾዳና ይባላል፤ አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ዘግቶ በሌላው ማስገባት፣ ከዚያ ቀይሮ ማስወጣት ነው። መጀመሪያ ትንፋሼን አፍኜ ለመቆየት ስሞክር አዞረኝ፤ ማፈኑን ተውኩት። አሁን በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ በቀስታ፣ ለአሥር ደቂቃ እተነፍሳለሁ። ወዲያው ስለካ ከስድስት እስከ ስምንት ነጥብ ይወርዳል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ይመለሳል። የጠዋት አማካዬ እስኪቀንስ ሁለት ወር ፈጅቷል። በዚያው ጊዜ ጨውም ስለቀነስኩና ስለምራመድ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ለይቼ መናገር አልችልም።

ስለ ጨው አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። አዩርቬዳ የድንጋይ ጨውን ያመሰግናል፤ እኔም ሮዝ ቀለም ያለውን ገዝቼ ያለ ሐሳብ እጨምር ነበር። ሦስት ሳምንት ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሮዝ ይሁን ነጭ፣ ያው አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው፤ ያውም በዳቦና በታሸገ ምግብ ውስጥ ያለው ተደምሮ። አሁን የማሸጊያውን ጽሑፍ አነባለሁ፤ የሶዲየሙን መጠን በ2.5 ሳባዛው የጨው መጠን ይሆንልኛል።

ወደ ዕፅዋቱ ልምጣ። በአራተኛው ወር ያሽቲማዱ የሚባል ጣፋጭ ሥር በሻይ መልክ ጀመርኩ፤ ሌላ ስሙ ሊኮሪስ ነው። በቀን ሦስት ሲኒ እጠጣ ነበር። ሻይ ስለሆነ ለሐኪሜ መንገር አልታየኝም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሬ 147፣ 151፣ 154 ይላል። ቁርጭምጭሚቴም አበጠ። አምሎዲፒን እግር እንደሚያሳብጥ ስለማውቅ ጥፋቱን በእሱ ላይ ጣልኩ። ሐኪሜ መጠኑን ወደ 10 ሊያሳድጉ ብዕር አንስተው ሳለ «የምትጠጣው አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ። ሻዩን ነገርኳቸው፤ ብዕሩን አስቀመጡት። ሊኮሪስ ሰውነት ሶዲየምና ውኃ እንዲይዝ፣ ፖታሲየም ደግሞ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ደሜ ሲመረመር ፖታሲየሜ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሻዩን አቁሜ ቁጥሬ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደ።

ሳርፓጋንዳ የሚባለውን የአዩርቬዳ ዕፅም ገዝቼ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሳልከፍተው ጣልኩት። ስለማይሠራ አይደለም፤ ስለሚሠራ ነው። ሕንዳዊው የልብ ሐኪም ሩስተም ቫኪል በ1949 ስለዚህ ተክል ግፊት ማውረድ በብሪታንያ የልብ ሕክምና መጽሔት ጽፏል፤ በ1952 ደግሞ ሬሰርፒን የተባለው መድኃኒት ከሥሩ ተለይቶ ወጥቷል። ድብርት ሊያመጣና የልብ ምት ሊያዘገይ ይችላል፤ ከሌላ የግፊት መድኃኒት ጋር ሲደረብም ግፊትን ከልክ በላይ ሊጥል ይችላል። በጠርሙሱ ውስጥ ስንት እንዳለ ሳላውቅ እንዴት ልዋጠው? በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በቦስተን አካባቢ ከሚሸጡ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል።

ያለፈው ወር አማካዬ 126 በ80 ነው። አምሎዲፒኑ በ5 ሚሊ ግራም እንደቀጠለ ነው፤ አልተውኩትም።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። ባለቤቴ ሌሊት ክፉኛ እንደማንኮራፋና አንዳንዴ ትንፋሼ ቆም እንደሚል ነግራኛለች። በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ግፊትን ከሚያስነሱ ነገሮች አንዱ ስለሆነ ሐኪሜ ለምርመራ ልከውኛል። ይህን ምርመራ ያደረጋችሁ ካላችሁ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የጠዋት ቁጥራችሁ ስንት እንደነበር ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።