ማህተሙ ሳይደርቅ ላሚኔት የተደረገ መታወቂያ

የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጥበት ግቢ ባለበት ሁሉ፣ አካባቢው ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። መታወቂያውን የተቀበለ ሰው ከግቢው ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ብዙ አይቆይም የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱም ልክ ነው። ስለዚህ «ላሚኔት አድርጉልኝ» ይባላል፣ ጉዳዩም በደቂቃ ያልቃል። ብዙ መታወቂያ የሚበላሸው ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ አንዲት እናት አዲሱን መታወቂያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ገቡ። ማህተሙ ከተመታበት ገና ግማሽ ሰዓት አልሆነውም።

«ልጄ፣ ይቺን በላስቲክ አድርጊልኝ። ከሰዓት ባንክ እሄዳለሁ፤ ልጄ ከዱባይ ብር ልካልኛለች።»

«እሺ እማማ፣ አሁኑኑ አደርስልዎታለሁ፤ ይቀመጡ።»

ሠራተኛዋ ፈጣን ናት፤ ወረፋውም በር ድረስ ደርሷል። ማሽኑ ላይ ከዚያ በፊት የተሠራው በወፍራም የ250 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ላስቲክ የታሸገ ሰርተፍኬት ስለነበረ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ላይ ነበር። መታወቂያው ግን የገባው በ125 ማይክሮን ላስቲክ ነው። ሙቀቱን የቀነሰ የለም፣ ማህተሙን የነካ የለም። ካርዱ በሮለሩ፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ ላስቲኩን በሚጫነው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ማዶ ሲወጣ ክቡ ማህተም ፎቶው ላይ ባረፈበት በኩል ሐምራዊው ቀለም ጉንጭና አገጭ ላይ ፈሷል፤ ከፎቶው ሥር ጥፍር የሚያህል አረፋ ተነፍቷል፤ የላስቲኩም ጠርዝ ተሸብሽቧል።

እናትየዋ ያን ያህል አላስተዋሉም፣ አመስግነው ሄዱ። ያስተዋለው የባንኩ ሠራተኛ ነው። ማህተሙ አይነበብም፣ ፎቶው የተነሣና ሌላ የተለጠፈበት ይመስላል። ከተከፋዩ ማንነት ጋር የሚያመሳክረው ነገር ሲያጣ ገንዘቡን አልከፈለም፤ በዚህ ሊወቀስም አይችልም። እናትየዋ ወደ ኮፒ ቤቱ ተመልሰው መጡ።

የቤቱ ባለቤት ካርዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ግራና ቀኝ አገላብጦ አየው።

«ሙቀቱ ስንት ላይ ነበር?»

«ሰርተፍኬቱን የሠራሁበት ላይ ነው፤ አልቀነስኩትም።»

«ማህተሙንስ ደርቆ እንደሆነ አየሽው?»

«አላየሁም ጋሼ።»

አልተቆጣም። ለላሚኔሽኑ የተከፈለውን መለሰላቸው፤ ለአዲሱ መታወቂያ የሚያስፈልገውን ጉርድ ፎቶም እዚያው አንሥቶ በነፃ ሰጣቸው። የታሸገውን ግን ማንም ሊፈታው አይችልም። ላሚኔሽን መመለሻ የሌለው ሥራ ነው፤ ጥንቃቄው ሁሉ ካርዱ ሮለር ከመንካቱ በፊት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ምን እንደሆነ በትክክል ለመረዳት የላሚኔሽን ላስቲክ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይረዳል። ሁለት ንብርብር አለው። ውጪው ጠንካራ ፖሊስተር ነው፤ በማሽኑ ሙቀት አይቀልጥም። ውስጡ ደግሞ ሲሞቅ እንደ ማር የሚለሰልስና ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በለሰለሰበት ቅጽበት ከታች ያገኘውን ያልደረቀ ቀለም ይዞ ይሄዳል፤ ሮለሩም ስለሚጫነው ቀለሙን ወደ ጎን ይገፋዋል።

የማህተም ቀለም ስፖንጁ ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ግሊሰሪንን የመሰለ ቀስ ብሎ የሚተን ፈሳሽ አለበት። ተራ ወረቀት ላይ ሲመታ ወረቀቱ ስለሚመጠው ወዲያው የደረቀ ይመስላል። የሚያንጸባርቅ ፎቶ ላይ ያረፈው ግማሽ ግን የሚመጠው የለም፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ አንዳንዴ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚህች ካርድም ወረቀቱ ላይ ያለው የማህተሙ ግማሽ ሳይነካ የፎቶው ግማሽ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አረፋው ሌላ ምክንያት አለው። ፎቶውን የሚለጥፈው ኮላ ውስጡ ውሃ አለ። ወረቀት ራሱም ደረቅ በሚመስልበት ጊዜ እንኳ ከክብደቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ በክረምት ደግሞ ይጨምራል። ከ100 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ይህ ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ፍለጋ ይገፋል፤ በሁለት በኩል ስለታሸገ እዚያው ይነፋል። በዚህ ላይ የዛሬው የላብራቶሪ ፎቶ ወረቀት ፊቱም ጀርባውም በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ እሱም ከ100 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል መለስለስ ይጀምራል። የጠርዙ መሸብሸብ ግን የሙቀቱ ብቻ ነው፤ ለ250 ማይክሮን የተዘጋጀ ሙቀት ለ125 ይበዛል። ሙቀቱ ሲያንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ላስቲኩ ጉም የለበሰ መስሎ ይወጣና ከጊዜ በኋላ በጥፍር ይላቀቃል።

ባለቤቱ ከዚያ ቀን በኋላ በቤቱ ያስገባው አሠራር ለሌላም ስለሚጠቅም በዝርዝር መጻፍ ይገባዋል።

አዲስ መታወቂያ በዕለቱ ላሚኔት አይደረግም። ባለጉዳዩ ቢቸኩል በንጹህ ወረቀት መሃል ተደርጎ በጠንካራ ካርቶን ይሰጠዋል፤ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ እንዲመለስ ይነገረዋል። ሲመለስ ይሞከራል። ነጭ ሶፍት ጫፉን ፎቶው ላይ ባለው የማህተም ጠርዝ ላይ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው። ማሸት አይፈቀድም፤ ማሸት ራሱ ቀለሙን ይጎትተዋል። ሶፍቱ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ከታየ ገና ነው። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማቻኮልም አይጠቅምም፤ ፀሐይ የማህተሙን ቀለም ታደበዝዛለች፣ ወረቀቱንም ታጣምማለች።

ቀጥሎ ፎቶው የተያዘበት ይታያል። በስቴፕለር ሽቦ የተያዘ ከሆነ እንዳለ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ሽቦው ላስቲኩን ይበሳል፣ ሮለሩንም ይቧጭራል፤ አንዴ የተቧጨረ ሮለር ከዚያ በኋላ በሚያልፍ ካርድ ሁሉ ላይ መስመር ያሰምራል። ሽቦውን ነቅሎ ፎቶውን በራስ ኮላ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ የኮፒ ቤት ሥራ አይደለም። መንግሥት ያያያዘውን ፎቶ የነቀለ ሰው፣ በቅንነት ቢያደርገውም፣ ሰነድ የነካካ ሆኖ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለው ካርድ ወደ ሰጠው ቀበሌ ይመለሳል፣ ወይም በማይለጠፍ መያዣ ይቀመጣል።

ከዚያ የፊትና የኋላው ኮፒ ይነሣል፣ ባለጉዳዩም በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። ይህ ማሽኑ ከመነካቱ በፊት ነው። ካርዱ ቢበላሽ ቁጥሩንና የተሰጠበትን ቀን ቀበሌው ከመዝገብ በቀላሉ እንዲያገኘው የሚረዳው ይኸው ኮፒ ነው።

ማሽኑ ሲበራ ወዲያው ለሥራ አይደርስም፤ የዝግጁነት መብራቱ እስኪበራ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ለመታወቂያ 80 ወይም 100 ማይክሮን ላስቲክ ይበቃል፤ ቁጥሩ የአንዱን ገጽ ውፍረት የሚያመለክት ስለሆነ ሁለቱ ገጾች ሲደመሩ እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱ ለነዚህ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ይጀመራል፤ ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ መጀመሪያ ከዚያው ወረቀት ጋር የሚቀራረብ ቁራጭ ወረቀት አሳልፎ ማየት ያስፈልጋል። ወፍራም ላስቲክ ተሠርቶበት ከሆነ ሙቀቱ ቁልፉን እንደቀነሱት አይወርድም፤ ሮለሩ ውስጡ የያዘው ሙቀት እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ሠራተኛዋ ቁልፉን ብትቀንስ ኖሮ እንኳ ወዲያው ካስገባችው ውጤቱ ብዙም አይለይም ነበር።

ላስቲኩ የሚገባው በታሸገው ጠርዝ በኩል ነው፣ ቀጥ ብሎ። በክፍቱ በኩል የገባ እንደሆነ አየሩ መውጫ አጥቶ ይሸበሸባል፣ ሮለር ላይም ሊጠመጠም ይችላል። ሲወጣ እንደሞቀ በእጅ አይታጠፍም፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተደርጎ እንደ መጽሐፍ ያለ ክብደት ይጫንበትና እስኪበርድ ይቆያል።

ጠርዙን በተመለከተ በየቀኑ የሚሠራ ጥፋት አለ። ሰው ካርዱ ቦርሳው ውስጥ አልገባ ሲለው «ትንሽ ቁረጥልኝ» ይላል፤ የሚቆርጠውም ወረቀቱ ድረስ ይቆርጠዋል። ላስቲክ ከላስቲክ ጋር የተጣበቀበት ባዶ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር በዙሪያው ካልቀረ ላሚኔሽኑ ካርዱን አያድነውም። የተጋለጠው የወረቀት ጠርዝ ላብና ዝናብ ይመጥጣል፤ የገባው ውሃ ደግሞ ታሽጎ ስለሚቀር ወረቀቱ ከውስጥ ይሻግታል። ያልታሸገ ወረቀት ቢረጥብ ይደርቃል፤ እንዲህ የታሸገው ግን አይደርቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለካርዱ የሚመጥን ላስቲክ መምረጥ ይሻላል፤ ለቦርሳ ሲባል ጠርዝ ከመቁረጥ ሰፋ ያለ መያዣ መግዛት ይቀላል። አራቱን ማዕዘን ብቻ ክብ አድርጎ መከርከም ግን ጥሩ ነው፤ ሹል ማዕዘን ኪስ ይቀድዳል፣ መላቀቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ካርዱ ላሚኔት መደረግ ካለበት ነው። ጀርባው ላይ የእድሳት ቦታ ያለው መታወቂያ ግን ላሚኔት ባይደረግ ይመረጣል፤ በላስቲክ ላይ ቀለም አይይዝም፣ ማህተምም አይመታም። ሁለት ታጥፎ የሚዘጋውም እንዲሁ፤ ተዘርግቶ ከታሸገ ኪስ አይገባም፣ ታጥፎ ከታሸገ ውስጡ አይነበብም። ለእንዲህ ያሉት የሚሻለው ተንሸራቶ የሚገባና የሚወጣ ጠንከር ያለ የካርድ መያዣ ነው። ሲገዛ ይታይ፦ ለስለስ ያለና አዲስ ሲሆን የፕላስቲክ ሽታው የሚከብድ መያዣ ከጊዜ በኋላ ፎቶውንና የፕሪንተር ጽሑፉን ወደ ራሱ ይስባል፤ ካርዱ ሲወጣ ፊደሉ ላስቲኩ ላይ ቀርቶ ይገኛል። ጠንከር ያለውና ሲታጠፍ የሚንኳኳው ይመረጣል። ያ ካልተገኘ በካርዱና በላስቲኩ መሃል ነጭ ስስ ወረቀት ማኖር ችግሩን ይቀንሰዋል።

መታወቂያን በፌስታል ጠቅልሎ በነጠላ ጫፍ ወይም በመቀነት መቋጠር የብዙ እናቶች ልማድ ነው። ከዝናብ ያድናል፤ የሰውነት ሙቀትና ላብ ግን እዚያው ያፍነዋል፣ ቋጠሮውም ያጥፈዋል። ካርዱን መጀመሪያ በጠንካራ መያዣ ከተው ከዚያ ቢቋጥሩት ልማዱም ሳይቀር ወረቀቱ ይተርፋል። በመታጠፊያው የተሰነጠቀን ወረቀት በስኮች መለጠፍ ደግሞ ለጊዜው የሚያኮራ፣ በኋላ የሚያሳዝን ጥገና ነው። ሙጫው ወደ ወረቀቱ ዘልቆ ቢጫ ይሆናል፤ ላስቲኩ ሲረግፍ እድፉ ይቀራል፣ በሥሩ ያለውም ጽሑፍ ይደበዝዛል።

የፋይዳ መታወቂያ ነገሩ ቀለል ይላል። መረጃው በዲጂታል የተመዘገበ ስለሆነ በወረቀት የታተመው ቢበላሽ እንደገና ማተም ይቻላል። የሚጠነቀቁለት ኪውአር ኮዱን ነው፤ እጥፋት በላዩ እንዳያልፍ፣ በጣም የሚያንጸባርቅ ላስቲክም ካሜራውን እንዳያስቸግር። በኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ቀለሙ ፈሳሽ ስለነበረ በቅጡ እስኪደርቅ መቆየት አለበት፤ በሌዘር የታተመው ዱቄት ቀለም ግን እዚያው በሙቀት የተጣበቀ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በዚሁ ልማድ የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር) ካርዳቸውን ላሚኔት ያስደርጋሉ። ያ ካርድም ወረቀት ነው፤ ካርዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን ላሚኔት እንዳይደረግ በግልጽ ይመክራል፤ በወረቀቱ ላይ ያሉት የደኅንነት ምልክቶች በላስቲክ ሥር አይለዩምና። ምትክ ካርድም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በዓመት ከ3፣ በዕድሜ ልክ ከ10 በላይ አይሰጥም። ቤት ማስቀመጥና ቁጥሩን ብቻ ማወቅ ይበቃል።

ላሚኔት ያልተደረገ ካርድ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ በካውያ መተኮስ የለበትም። ፎቶው ወደ ላይ ሆኖ በንጹህ ሶፍት ላይ ይዘረጋል፤ እርጥብ የፎቶ ገጽ ከነካው ወረቀት ጋር ስለሚጣበቅ በላዩ ምንም አይደረግም፣ በጣትም አይነካም። ከሥሩ ያለው ሶፍት በረጠበ ቁጥር ይለወጣል። ታጣፊው ተጣብቆ ከሆነ ሳይጎተት በራሱ ጊዜ እንዲላቀቅ ይተዋል። ሙሉ ለሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ በሁለት ንጹህ ወረቀት መሃል ሆኖ ለአንድ ሌሊት መጽሐፍ ይጫንበታል።

ላሚኔት ተደርጎ የተበላሸውን ደግሞ ማንም «እኔ ልላጠው» ቢል አይሰጠው። የወረቀቱ የላይኛው ፊት ከሙጫው ጋር ተያይዞ ይነሣል፤ ጽሑፉም ፎቶውም ላስቲኩ ላይ ይቀራል። በእጅ ያለው ካርድ የቱንም ያህል ቢያስቀይም የተሰጠበት መዝገብ ቁጥር አለበት። ስለዚህ ሳይቆረጥና ሳይላጥ፣ ከኮፒውና ከአዲስ ጉርድ ፎቶ ጋር፣ እንዳለ ወደ ሰጠው ቀበሌ ይወሰዳል።