የነጠላው ዋጋ ስንት ነው?

ባለፈው ዓመት በእንቁጣጣሽ ማግስት አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። የላኩት የሰፈራችን ካውንስለር ናቸው፤ እዚህ ለንደን ሕዝቡ ወደ አካባቢው ምክር ቤት፣ ወደ ካውንስሉ፣ የመረጣቸው ተወካይ ማለት ነው። በበዓላችን ላይ ስለጋበዝናቸው አመስግነው፣ ስለ ዶሮ ወጡም ሁለት መስመር ጽፈው፣ መጨረሻ ላይ «የሰጣችሁኝ ልብስና የቡና ዕቃ ዋጋው ስንት ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

ደሜ ፈላ። ነጠላውን እህቴ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዳ፣ ጥለቱን መርጣ በሰው የላከችው ነው። ጀበናውንና ስኒዎቹን የገዛነው የማኅበራችን ሴቶች አዋጥተን ነው። እኛ ዘንድ የስጦታ ዋጋ አይጠየቅም። ለገንዘብ ያዣችን፣ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ሰው፣ ደውዬ አነበብኩላቸው። «ልትመልሰው ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ቢሆንም ዝም ማለቱ ከበደኝና «60 ፓውንድ ገደማ» ብዬ መለስኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለ አዳራሻችን ኪራይ ለማወቅ የካውንስሉን ድረ ገጽ ስገላብጥ የካውንስለሯ ስም ላይ ደረስኩ። ከፎቷቸው ሥር «ሬጂስተር ኦፍ ኢንተረስትስ» የሚል አለ፤ የጥቅም መዝገብ ልንለው እንችላለን። ከፈትኩት። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ ቤታቸው፣ የባለቤታቸው ሥራ ተጽፏል። ታች ደግሞ፦ የኢትዮጵያ ባህላዊ ልብስና የቡና ዕቃ፣ 60 ፓውንድ። ሰጪ፣ የእኛ ማኅበር።

ስማችንን እዚያ ሳየው ደነገጥኩ። በዚያው ሰሞን የአዳራሹ ኪራይ እንዲቀነስልን ለካውንስሉ አመልክተን ነበር። ነጠላውን ስናለብሳቸው ማናችንም ኪራዩን አላሰብንም፤ ይህን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ። የሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያይ፣ እኛን የማያውቅ የለንደን ሰው ግን ምን ሊል እንደሚችል ያኔ ገባኝ። ካውንስለሯ ዋጋውን የጠየቁኝ እኛን ሊያዋርዱ አልነበረም። እሳቸውንም እኛንም ከሐሜት እየጠበቁ ነበር።

በአማርኛ ስጦታ አለ፣ እጅ መንሻ አለ፣ መማለጃ አለ። አያቴ ጉዳይ ይዞ ወደ ሹም ቤት የሚሄድ ሰው ማር ወይም በግ ሳይዝ እንደማይሄድ ስትነግረን፣ የአክብሮት ወግ አድርጋ ነበር የምትነግረን። ያ ማር የቱ ጋ ስጦታነቱ አብቅቶ የቱ ጋ መማለጃ እንደሚሆን ማን ያውቃል? የሰጪውን ልብ ማንም ከፍቶ አያይም። መዝገቡም ልብን አይጠይቅም፤ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ መቼ ሰጠ ብቻ ነው የሚለው።

ከዚያ ወዲህ የሌሎቹንም ማንበብ ጀመርኩ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ስለሆነ በሁለት ቤት መካከል አውቶቡስ ላይ የማሳልፈው ጊዜ ብዙ ነው። ያነበብኩት እዚያ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 በወጣው ሎካሊዝም አክት በሚባለው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት አንድ ካውንስለር ሥልጣን በያዘ በ28 ቀን ውስጥ ሥራውን፣ በካውንስሉ ክልል ያለውን ቤትና መሬት፣ ከካውንስሉ ጋር ያለውን ውልና አክሲዮኑን ማስመዝገብ አለበት፤ የትዳር ጓደኛውንም ጭምር። መዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ወንጀል ሠርቷል፤ ፍርድ ቤት እስከ 5 ዓመት ከካውንስለርነት ሊያግደው ይችላል። ስጦታ ግን በዚህ ሕግ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስጦታን የሚያስመዘግበው እያንዳንዱ ካውንስል ለራሱ ያወጣው ደንብ ነው፤ ለዚህም ነው አንዱ ጋ ከ25 ፓውንድ ጀምሮ፣ ሌላው ጋ ከ50 ፓውንድ ጀምሮ የሚመዘገበው። ይህ ክፍተት በጣም ያሳስበኛል። ጎዳና ተሻግሮ ሌላ ካውንስል ውስጥ የገባ ሰው ሌላ ደንብ ነው የሚጠብቀው።

መዝገቡን ማንበብ ምን እንደሚያመጣ በለንደኑ የዌስትሚንስተር ካውንስል ታይቷል። የዚያ ካውንስል ምክትል መሪና ለብዙ ዓመታት የፕላኒንግ ኮሚቴ፣ ማለትም የግንባታ ፈቃድ የሚወስነው ኮሚቴ፣ ሰብሳቢ የነበሩት ሮበርት ዴቪስ በ3 ዓመት ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ ግብዣና ስጦታ መቀበላቸው በ2018 ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ከጋባዦቹ ብዙዎቹ ሕንፃ የሚያስገነቡ ሰዎች ነበሩ። ሰውየው ጥፋት አልሠራሁም ብለዋል። ካውንስሉ ባስጠናው ምርመራ ግን የሥነ ምግባር ደንቡን ጥሰዋል ተባለና በዚያው ዓመት ለቀቁ። እኔን የሚገርመኝ ሁሉንም ያስመዘገቡት ራሳቸው መሆናቸው ነው። እያንዳንዱ እራት ተጽፎ ነበር። የቀረው ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ነበር።

በእኛ ካውንስል እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም። ያገኘሁት አንድ ነው። አንድ የፕላኒንግ ኮሚቴ አባል ቅጹ ላይ ሥራ በሚጻፍበት ቦታ «የለም» ብለዋል። ስማቸውን ካምፓኒስ ሀውስ በነፃ በሚያሳየው የኩባንያዎች መዝገብ ላይ ፈለግኩት፤ የቤት አከራይ ድርጅት ዳይሬክተር ሆነው አገኘኋቸው። የልደት ወርና ዓመት እዚያ ስለሚጻፍ ስም ተመሳስሎ እንዳይሆን ሁለቴ ሦስቴ አየሁ። ከዚያ ሞኒተሪንግ ኦፊሰር ለሚባለው፣ መዝገቡን ለሚጠብቀው የካውንስሉ ኃላፊ፣ ቀኑንና ያየሁትን ብቻ በ6 መስመር ጻፍኩ። ክስ አልጻፍኩም፤ «ይህ ይመዝገብ አይመዝገብ ቢጣራ» አልኩ። በ9ኛው ቀን መልስ መጣ። ድርጅቱ ሥራ እንዳልጀመረ ካውንስለሩ ማስረዳታቸውን፣ ቅጹም እንደሚታረም ነገሩኝ። ታረመ። አመንኳቸው፤ የጻፍኩትም ሰውየውን ላዋርድ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቤት አድራሻ ቦታ ባዶ ሆኖ ብታዩ ደብቀዋል አትበሉ። ጥቃት የሚያሰጋቸው ሰዎች አድራሻቸው እንዳይወጣ ሕጉ ይፈቅዳል። የእንግሊዝ ፓርላማ አባላቱ ጆ ኮክስ በ2016፣ ዴቪድ አሜስ በ2021 ከሕዝብ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ተገድለዋል። ይህን ሳስብ ባዶው ቦታ ያሳዝነኛል እንጂ አያስቆጣኝም።

በአገራችንም የሀብት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ከወጣ ቆይቷል፤ የሚመዘግበው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው። እኔ የምመኘው የእህቴን ሰፈር ተመራጭ መዝገብ እሷም እንደኔ አውቶቡስ ላይ ሆና በስልኳ የምታነብበትን ቀን ነው።

ዘንድሮም ለእንቁጣጣሽ ካውንስለሯን ጠርተናል። ጋሼ የምግቡንና የስጦታውን ዋጋ ራሳቸው በወረቀት ጽፈው ከመጥሪያው ጋር ፖስታ ውስጥ ከተቱት። ለንደን ያላችሁና የሰፈራችሁን መዝገብ ማንበብ የምትፈልጉ፣ እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፤ አብረን ቁጭ ብለን እናነባለን።