ግራ ትከሻዬ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል

ለኮስፕሌይ (የገጸ ባሕርያትን ልብስ ሠርቶ ለመልበስ) ከአንድ ዓመት በላይ ስታገለው የኖርኩት የደረት ጥሩር፣ ማለትም ደረትን የሚሸፍን የጦር ልብስ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ገባልኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ክንዴን ወደ ላይ ዘረጋሁ፤ አልተሰነጠቀም፣ አንገቴንም አልከረከረኝም። ደስታው ለብቻዬ ስለበዛብኝ፣ እኔ ያባከንኩትን ፎም ሌላ ጀማሪ እንዳያባክን የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የሚወራ የለም። በልጅነቴ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ገጸ ባሕርያትን በደብተር ጀርባ ስስል የኖርኩ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ «ይህ የልጅ ነገር አሁንም አልለቀቀሽም?» የሚለውን ጥያቄ ሽሽት ፍቅሬን የደበቅኩ ነኝ። እንደ እኔው በዚህ ነገር የተለከፉ ሰዎች ካገኘሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በካባ፣ በቀበቶና በካርቶን ሰይፍ አለፉ። ካባ ለሁሉም ያምራል፣ ሁሉንም ይሸፍናል። ጣጣው የመጣው ካባውን አውልቄ ጥሩር ልሥራ ባልኩ ጊዜ ነው።

በ10 ሚሊሜትር ኢቪኤ ፎም (ለስላሳ፣ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ስፖንጅ) ሦስት ጥሩር ሠርቼ ሦስቱንም ጣልኩ። አንደኛው ብብቴን እየፈገፈገ አቆሰለኝ። ሁለተኛው ከፊት ሲያዩት ደህና ነበር፤ ጥቂት ስራመድ ግን ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞራል። ሦስተኛው ስቀመጥ ከጎኑ ተተረተረ። ጥፋቱን በማስቲሹ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በምላጩ፣ ቀጥሎም በፎሙ። ማስቲሹ በእርግጥ ትንሽ ድርሻ ነበረው፤ ሁለቱንም ጠርዝ ቀብቶ፣ በጣት ሲነኩት እስከማይከተል ድረስ ሳይጠብቁ ማጋጠም ሥራን በገዛ እጅ ማበላሸት ነው። እኔ ትዕግሥት የለኝም። ምላጭን በተመለከተ ግን ክርክር አልቀበልም፤ የደነዘዘ ምላጭ ፎምን አይቆርጥም፣ ይቦጫጭቃል። ጥቂት ከቆረጣችሁ በኋላ ቀይሩት።

እውነተኛው ጥፋት ሌላ ነበር። የምጠቀምበት የቅድ ወረቀት ለሌላ ሰው አካል የተሠራ ነው። ለራሴ ለማስተካከል ወገቤን ስለካ ደግሞ ሆዴን እስባለሁ፤ ይህም አልበቃ ብሎኝ ወረቀቱ ላይ ስጽፍ 2 ሴንቲሜትር እቀንሳለሁ። ማንም የማያየውን ቁጥር ለማን ብዬ እንደምዋሽ እንጃ፤ ፎሙ ግን አላመነኝም።

በመጨረሻ ከማኅበራችን አንዷ፣ ጥሩር በመሥራት ከሁላችንም የምትበልጠው፣ ወረቀቱን ከእጄ ቀምታ «በገዛ ገላሽ ላይ እንቅደደው» አለችኝ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማትሳሱለትን ጠባብ ካናቴራ ትለብሳላችሁ፤ በላዩ ላይ የምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ ይጠመጠማል፤ በዚያ ላይ ሰፊ ፕላስተር እየተደራረበ ይለጠፋል። ቀስ እያለ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ላላ ብሎ መለጠፍ አለበት፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው አስቁሙ።

ቀጥ ብዬ፣ ሆዴን ውጬ፣ ትከሻዬን አስተካክዬ ቆምኩ። አየችኝና «ቀጥ አትበይ። እንደምትቆሚው ቁሚ» አለች።

እንዴት እንደምቆም ጠፋኝ። እውነቴን ነው፤ ለአፍታ ሁለት እግሬን የት እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ተንፍሼ ሆዴን ለቀቅኩት።

ከዚያ በጥቁር እስክርቢቶ የደረቴን መሐል፣ የጎኖቼንና የትከሻዎቼን መስመር በፕላስተሩ ላይ አሰመረች። መስመሮቹን እያቋረጡ የሚያልፉ አጫጭር ጭረቶችም ጨመረች፤ እነሱን አትዝለሉ፣ በኋላ ቁራጮቹ ሲጋጠሙ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ትከሻዬ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከልጅነቴ ጀምሮ ቦርሳዬን በአንድ ጎን የማንጠለጥለው፣ ፎቶግራፍ ስነሣ ሁልጊዜ ዞር የምለው በዚያ ትከሻ ምክንያት ነው። ወይ ቀልድ ወይ ማጽናኛ ጠበቅኩ። ሁለቱም አልመጡም። ሜትሩን አስጠግታ «የግራው 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ለብቻው እንቆርጠዋለን» አለችና መስመሯን ቀጠለች። የምላጭ ቁጥር የምታነብ ነበር የምትመስለው።

ቅርፊቱን በጀርባዬ በኩል ቀድዳ አወጣችኝ (ለዚህ ጫፉ ያልሾለ መቀስ ብቻ!)። በመስመሮቹ ቆራርጠን ወለል ላይ ስንዘረጋው የግራና የቀኙ ቁራጭ አልተመሳሰሉም። ሁለተኛው ጥሩር ለምን ይዞር እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ግማሹን ቆርጬ፣ ያንኑ ገልብጬ ለሌላው ጎን ስጠቀም ነበርና። አንዱን ጎን ሠርቶ መገልበጥ ጊዜ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። የራስ ቁር ለሚሠራ ይሆን ይሆናል፤ ለደረት ግን አልስማማም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ገጸ ባሕርይዋን አትመስይም» የሚሉ ሰዎች ይህን ጥበብ የሚያስቡት እንደ ፎቶ ኮፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ፣ ሞሮጆ በሚል ስም የምትታወቀው ሚርትል ዳግላስ የወደፊቱን ዘመን ልብስ ሠርታ ከሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪው ፎረስት አከርማን ጋር ለብሰው ተገኙ። የሁለቱንም ልብስ የሰፋችው እሷ ሆና ሳለ ለረጅም ጊዜ ስሙ ጎልቶ የተነሣው የእሱ ነው። የእኛ ነገር ከጅምሩ የሚሰፋ ሰው፣ የሚለካ እጅ ያለበት ነው። እኔ ይህን እየሰበክሁ ግን ፎቶዬን አሁንም በቀኝ በኩል ነው የምነሣው፤ ስለዚህ ብዙ አትስሙኝ።

አራተኛው ጥሩር የተሠራው በዚያ ቅድ ነው። ከማጣበቄ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በሙቅ አየር መንፊያ አሙቄ ጭኔ ላይ ጎበጥ አደረግኩት፤ ሙቀቱ የፎሙን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ቀለሙም አይመጠጥም። ማስቲሽ ስትቀቡ መስኮት ክፈቱ፣ ፎም ስትሞርዱ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ስለ ቀለም አቀባብ አትጠይቁኝ፤ የእኔው ቀለም ጎኑ ላይ ተሰነጣጥቋል።

የፕላስተሩን ቅርፊት ትራፊ አልጣልኩትም፤ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ትናንት ማታ ወገቤን እንደገና ለካሁ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ 3 ሴንቲሜትር ጨምሯል። 3 ብዬ ጻፍኩት። ከጎኑ የሚጨመረውን ቁራጭ ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ።