ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ፣ ደብረ ብርሃን ላይ

ቶዮታ ቪትዜ ጠዋት ጠዋት አትነሳም ነበር። አንድ ሁለት ቀን አይደለም፣ ከጥቅምት እስከ ጥር። ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው የጥቅምትን ውርጭ ያውቀዋል፤ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፣ የመኪናውን መስታወት በሞባይል ካርድ ስትፍቁ ትቆያላችሁ። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም። ባትሪው ሲደክም የአከራዬን ልጆች ጠርቼ በግፊ። አከራዬ እትዬ በመጨረሻ "ይቺ መኪና ካንተ ይልቅ የኔን ልጆች ነው የምታውቀው" አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። ለካ ተማረዋል።

የሚገርመው፣ ቆላው ሸዋ ሮቢት ወርጄ ካደርኩ በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው። ይህን ስናገር አንዱ "ከፍታ ነው፣ ቪትዝ ከፍታ አትችልም" አለኝ። ከፍታማ አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ይወስዳል፣ የጣርማ በርን ዳገት ስትወጡ እግራችሁ ላይ ይሰማችኋል። ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ እዚያው የቆመችበት ቦታ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ያለ ችግር ትነሳለች። ከተማው እኩለ ቀን ላይ ዝቅ አይል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ ተቀየረ። ባትሪ ተቀየረ። የቤንዚን ፓምፑ ወጥቶ ታጥቦ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" የሚል ፍርድ መጣ። ያገለገለ ኮምፒውተር ከነመግጠሚያው የተጠየቅኩት ብር የሱቄን የሦስት ወር ኪራይ ይከፍላል። "በምን አወቅህ?" ብለው "ልምድ ነው ወንድሜ" አለኝ። ቴስተር እንኳን ከኪሱ አላወጣም። ልምድን አልንቅም፣ ግን ለሦስት ወር ኪራይ አንድ ቁጥር ባይ ደስ ይለኛል።

እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። ሱቅ ውስጥ ባትሪዋ አንድ ሰዓት የማትሞላ አሮጌ ላፕቶፕ አለችኝ። እሷን ይዤ መኪናዋን እራሷን ልጠይቃት ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ግን በስልክ ነው። የመኪናን ኮምፒውተር ከስልክ ጋር የምታገናኘውን፣ ሰው ሁሉ የሚገዛትን ያቺን ትንሽ ሰማያዊ የብሉቱዝ ዕቃ፣ ኢኤልኤም 327 የሚሏትን ገዛሁ። መሰኪያውን ፍለጋ ራሱ አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። የኔ ቪትዝ የጃፓን ስሪት ናት፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ። መሪውን ያዞሩት ሰዎች መሰኪያውን አላዞሩትም፤ ባለ 16 ቀዳዳው ስፒና በተሳፋሪው በኩል፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ጀርባ፣ አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሰካሁ። መብራቷ በራች። ስልኩ "ከመኪናው ጋር መገናኘት አልተቻለም" አለ። ደገምኩ። አልተቻለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። የስፒናው ቅርጽ አንድ ስለሆነ ቋንቋው አንድ ይመስለናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ፣ ሁሉም አምራች ከታወቁ ጥቂት የምርመራ ቋንቋዎች አንዱን እንዲያስገባ በሕግ አስገድደዋል። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጃፓን ገበያ ስትወጣ ያ ሕግ እሷን አይመለከታትም። ስለዚህ ቀዳዳው ያው ሆኖ ንግግሩ የቶዮታ የራሱ ነው። 16 ቁጥር ላይ የባትሪው ኃይል አለ፣ 4 እና 5 ላይ መሬት፣ 7 ቁጥር ላይ ደግሞ ኬ-ላይን የሚባለው አንድ የወሬ ሽቦ። በዚያ ሽቦ ላይ ሌላው ዓለም በሰከንድ 10,400 ቢት ሲያወራ፣ የኔዋ 9,600 ነው የምታወራው። በዚያ ላይ በስሟ ካልጠሯት ዞራ አታይም። ርካሿ የብሉቱዝ ዕቃ ደግሞ ፍጥነት የሚቀይሩትን ትእዛዞች አታውቃቸውም፤ በስም ኢኤልኤም ትባላለች እንጂ ግማሹ ነገር ተቆርጦ የተሠራች ናት።

አዲስ አበባ የሚመላለስ ጓደኛዬ በዩኤስቢ የሚሰካውን ደህነኛውን አመጣልኝ። ላፕቶፕ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ድራይቨሩን ጫንኩ (አንድ ማታ)፣ ላፕቶፑ ለዕቃው የሰጠውን የኮም ቁጥር አገኘሁ፣ የላፕቶፑን ፍጥነት 38,400 ላይ አደረግኩ፣ ባዶ ጥቁር መስኮት ከፈትኩና በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። "ኤቲ አይቢ 96" ፍጥነቱን ወደ 9,600 ያወርዳል። "ኤቲ አይአይኤ 13" ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር በአድራሻው ይጠራል። የአጠራሩ ነገር ያስቃል፤ አድራሻውን በሰከንድ 5 ቢት እያለ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚልከው፣ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያቺን 2 ሰከንድ መኪና ውስጥ ጋቢ ለብሼ ጠበቅኩ።

መለሰች።

ደስታዬን አልነግራችሁም። ተቃጠለ የተባለው ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ ያወራኛል! ያስቀመጠው የብልሽት ኮድ አንድ ብቻ ነው፣ ፒ 0115፣ የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር መስመር። የቀጥታ ንባቡን ሳየው የሞተሩ ውሃ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይላል። ደብረ ብርሃን ይበርዳል፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለን በከንቱ አይደለም፣ ግን እንደዚያስ አይበርድም።

ከዜሮ በታች 40 ማለት "ምንም አይሰማኝም" ማለት ነው። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ነው፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 ኦም ገደማ ይወርዳል። ሽቦው ከተበጠሰ ተቃውሞው ማለቂያ የለውም፣ ኮምፒውተሩም የሚያውቀውን የመጨረሻ ብርድ ይጽፋል። ከዚያ የሚያደርገው ነገር ነው ጠዋት ጠዋት ያስገፋኝ፤ መስመሩን አላምነውም ብሎ ውሃው 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይገምታል። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ተጨማሪ ቤንዚን ይፈልጋል፣ በድሮዎቹ ካርቡሬተር ቾክ የምንስበው ለዚህ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ የሞቀ ስለመሰለው ያቺን ተጨማሪ አይሰጥም። ሸዋ ሮቢት ላይ ግምቱ ብዙም አይጎዳም። እዚህ ውርጭ ላይ ግን ልጆቹን ያስጠራል።

"ታዲያ የቼክ ኢንጂን መብራት ለምን አልበራም?" ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠየቅኩ። ክሩስኮቱን (ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ) ስፈታ አምፖሏ ቦታዋ ላይ የለችም። የሸጠልኝ ሰው ወይም ከሱ በፊት የነበረው አውጥቷታል። እባካችሁ መኪና ስትገዙ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ ያቺ መብራት መብራት አለባት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ቁልፍ ሲከፈት ካልበራች አንድ የተደበቀ ነገር አለ። በዚህ ምክንያት ነው የሽቦውም ዘዴ ያልሠራልኝ፤ በቶዮታ መሰኪያ ላይ 4 እና 13ን በአጭር ሽቦ ብታገናኙ መብራቷ እየተርገበገበች ኮዱን ትቆጥርላችኋለች፣ ላፕቶፕም አያስፈልግም። አምፖል ካለ ነው እሱ ታዲያ።

ሴንሰር ልገዛ ስልክ አንስቼ ነበር። ተውኩት። ኮዱ "ሴንሰሩ ሞቷል" አላለም፣ "መስመሩ" ነው ያለው። ስለዚህ የሴንሰሩን ስፒና ነቅዬ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አገናኘሁ። መስመሩ ደህና ቢሆን ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከነበረበት 40 ዘልሎ ከዜሮ በላይ 140 መግባት ነበረበት። ንቅንቅ አላለም። ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፣ ሽቦው ነው ጉዳዩ።

ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። ከክሩስኮቱ ስር፣ መሪውን ወደ ግራ ያዞሩት ሰዎች ሽቦው አጥሮባቸው የቀጠሉበት ቦታ ላይ፣ የተጠቀለለበትን ናስትሮ ስፈታው ሁለቱ ጫፎች ዝም ብለው ተጠምዝዘዋል እንጂ ስታኞ (የሽቦ ብየዳ) የሚባል ነገር አልነካቸውም። አንዱ አረንጓዴ ሆኖ በጣቴ ስነካው ተበተነ። በስታኞ ቀጠልኩት፣ ሸፈንኩት፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ አዲስ አምፖል ከተትኩ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ ሌሊቱን ውጭ ያደረች መኪና፣ ሞተሩ ሳይነሳ ንባቡን አየሁ። ውሃው 5 ዲግሪ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር 6 ዲግሪ። ያደረ ሞተር ላይ ሁለቱ ከተቀራረቡ እውነት እየተናገሩ ነው። ቁልፉን አዞርኩ፣ በመጀመሪያው ያዘች። እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው "ዛሬ ልጆቹን አልጠራህም?" አሉኝ።

ጋራዡ ጋ ስሄድ ለመካኒኩ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "ያቺን ገመድ የት ገዛህ?" አለኝ። ሁለት ጊዜ ተውሶኛል እስካሁን። አንዱን መኪና አብረን አይተነዋል፣ እውነትም እጁ ፈጣን ነው፣ ቁጥሩን ካየ በኋላ የት እንደሚነካ ከኔ በላይ ያውቃል።

የመለስኳት አምፖል ደግሞ ትናንት ማታ የጫጫን ከተማ ሳልፍ በራች። ፒ 0130፣ የኦክስጅን ሴንሰር መስመር። ቅዳሜ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጌ ክሩስኮቱ ስር እገባለሁ፣ ሌላ ስንት የተጠመዘዘ ሽቦ እንዳለ እንይ።