ኮማ፦ አንድ አጻጻፍ፣ ሦስት ምንጭ

በደብረ ብርሃን ብርድ ከሰል ይዞ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት ሲጠሩት አልነቃ ካለ «ኮማ ገባ» ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ትርጉሙም «ጥልቅ እንቅልፍ»። በእኛ ፊደል ሌሎች ሁለት ቃላት ተደርበውበታል፦ የጅራታም ኮከብን እምብርት የሚከበው ጭጋግ ኮማ የተባለው «ፀጉር» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ የሥርዓተ ነጥቡ ኮማ ደግሞ «ቁራጭ» ከሚለው ነው። ሦስቱ ዝምድና የላቸውም።

ስሙ እንቅልፍ ቢልም ያሳስታል። የተኛ ሰው ሲቆነጥጡት ይነቃል፤ ኮማ ውስጥ ያለ ግን ዓይኑን አይገልጥም። ሰመመን ሐኪም በመድኃኒት የሚያመጣው ነው፤ ተራ ራስን መሳት ደግሞ ቶሎ ያልፋል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሰውን የንቃት ደረጃ የሚለካው የግላስጎው መለኪያ ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ትንሹ ድምር 3 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች እንደ ኮማ ይቆጠራል።

ከሰል ላፈነው ሰው ወተት መጋት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ይቅር! መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ወደ ውጭ አውጡት። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ ከዚያ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው።