ያልተከፈለን ደመወዝ፦ ንዴታችንን ወደ ደብተር እንዴት እንዳዞርነው

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ አንድ የሕንፃ ሥራ ላይ 11 የቀን ሠራተኞች ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 15 ሠራን። ክፍያው በየ15 ቀኑ ነው ተብሎ ነበር፤ «ሂሳብ ሲለቀቅ በአንድ ላይ» እየተባልን አምስቱም ክፍያዎች ሳይከፈሉ ሥራው ቆመ። ይህን የምጽፈው ከአምስቱ ሦስቱን ያስቀረብን የአሠሪው ክፋት ብቻ ስላልሆነ ነው። ቀን አልቆጠርንም። ቀድሞ የሚነግረን ሰው ቢኖር ሁሉንም እናገኝ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ከባድ ነው። ሚክሰሩን እንውሰድ፣ በሩን እንገንጥል ያለው ብዙ ነበር። የሰው ንብረት የነካህ ዕለት ግን ከሳሽነትህ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆናለህ። የተበደለን ሰው «ተረጋጋ» ማለት የባሰ ያናድደዋል፤ ሥራ ስጡት። በሩን እንገንጥል ያለውን ልጅ የፕሮጀክቱን ታፔላና ግቢው ውስጥ ያለውን ዕቃ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ፎቶ እንዲያነሳ ላክነው። የተቋራጩ ትክክለኛ ስም ታፔላው ላይ ነው፤ ስሙ ከተሳሳተ ክሱም ይበላሻል። ሌላው ስልክ ቁጥር ሰበሰበ፤ ከደራ፣ ከአቸፈርና ከሜጫ የመጡት ለአጨዳ ሲገቡ እንዳይጠፉ የዘመዳቸውንም ጭምር።

እኔ ደብተር ያዝኩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፦ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የቀን ክፍያ፣ ፊርማ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የቀኑ 400 ብር ከሆነ ሰዓቱ 50 ነው፤ አርማታ ሲሞላ ሁለት ሰዓት ያመሸ 150 ብር ይጨመርለታል። የመስቀልን ዕለት መጀመሪያ ረስተነው ነበር፤ በዓላትን ከካሌንደር ላይ አንድ በአንድ እዩ።

ማን እንደዋለ የሚመዘገብበት አቴንዳንስ በካቦው እጅ ነበር፣ ከለከለን። ያዳነን ምሳ በዱቤ የምታበላን እናት ደብተር ነው። ባለ 50 ሉክ፣ ዳርና ዳሩ ወጥ የነካው፣ በየቀኑ ከስማችን ጎን «1 ሽሮ»፣ «1 ፍርፍር» የተጻፈበት። ማን በየትኛው ቀን ሥራ ላይ እንደዋለ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አልነበረንም። እሷም ቀርባ መሰከረች። ከሳሽ ያልሆነ ምስክር ፈልጉ።

የተበላሸው እዚህ ነው። ታኅሣሥ 3 ማመልከቻ ጽፈን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ባለሙያው ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «አሠሪውን ጠርተን እናስማማችኋለን» አለ። መዝገብ ቤት አልመራንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ በኋላ ስንሄድ ስብሰባ ነው፣ ስንመለስ መስክ ወጥቷል። አሠሪው ሁለት ጊዜ መጥቶ «ዕዳዬ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ» አለ። ከጥምቀት በኋላ የነበረው ከፋሲካ በኋላ ሆነ። መጋቢት መጨረሻ ላይ በዚያ ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘን፤ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የለም አለን። ቁጥር የለው፣ ማኅተም የለው፣ በምን እንከራከር? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አራት ወር መሳቢያ በላብን፤ እኔም ማንበብና መጻፍ እየቻልኩ አንድ ማኅተም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ በክስ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚቆጠረውም ለእያንዳንዱ ክፍያ ለየብቻው ነው። ክሱን ሚያዝያ 18 ለፍርድ ቤት ስናስገባ የመስከረም 15፣ የመስከረም 30 እና የጥቅምት 15 ክፍያዎች አልፈዋል። ተከሳሹ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ አነሳ፤ ተቀባይነት አገኘ። በቃል «እከፍላለሁ» ማለት ይርጋን አያቋርጥም። በጽሑፍ የታመነ ዕዳ፣ ወይም ለሚመለከተው አካል የቀረበ አቤቱታ ግን ያቋርጣል። ሁለቱም ደጃችን ድረስ መጥተው ነበር።

ስለዚህ ቢሮዎቹ «መጀመሪያ ተስማሙ» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። መጀመሪያ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ተስማሙ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን ለባለሙያው ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስመቱ ከግቢው አትውጡ። ሽምግልና ከተቀመጣችሁም ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ይህን አስፈርሙ፦ «እኔ … ለእነ … ከ… እስከ … የሠሩበትን ብር … አለመክፈሌን አምናለሁ፤ እስከ … እከፍላለሁ።» ቀን፣ ፊርማና ሁለት ምስክር ይኑርበት።

የቀረው ቀላል ነው። ክሱን በዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጻፉልን፤ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። አዋጁ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ የእኛ ከዚያ አለፈ። ምስክር ለዘር ወደ ገጠር ሳይገባ ቀጠሮ እንዲያዝ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ውሳኔው ብቻውን ገንዘብ አይሆንም። ገንዘቡን ለማስከፈል የአፈጻጸም መዝገብ ለብቻው ይከፈታል፣ እዚያም የሚያዝ ንብረት ጠቁሙ ትባላላችሁ። በመጀመሪያው ምሽት ልንወስደው የነበረውን ሚክሰር ልጁ ባነሳው ፎቶ አስደግፈን አስመዘገብነው። ትዕዛዙ በደረሰው በሳምንቱ አሠሪው የሁለቱን ክፍያዎች ሙሉ ገንዘብ አስገባ።